ስሙን ያልደበቀው ተጫዋች

የጂም ቶርፕ የወጣትነት ዘመንና የአሜሪካ ፉትቦል ጅምር

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፣ የጦር አለቆችና ሊቃውንት ናቸው። በሜዳ ላይ ሮጦ፣ ዘሎና ተጋፍቶ ስሙን ያስጠራ ሰው ግን በጋዜጣ የስፖርት ዓምድ ለአንድ ቀን ይታይና ይረሳል። ከዚህ በታች ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ጂም ቶርፕ ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ ስለ እሱ የተነሣው ክርክር አላበቃም ነበር። ክርክሩም ስለ ጉልበቱ ወይም ስለ ፍጥነቱ አልነበረም፤ በዚህስ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። ክርክሩ ለክብር ብቻ ለመጫወት አቅም ያለው ማን ነው፣ ለእንጀራው ብሎ የሚጫወትስ ክብር የለውምን የሚል ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የአሜሪካ ፉትቦል ማለት እኛ እግር ኳስ የምንለው ጨዋታ አለመሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት። በየወገኑ አሥራ አንድ ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሷን በብብት ሸጉጦ መሮጥና በእጅ መወርወር የተፈቀደ ነው። የተቃራኒው ወገን ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው አንቆም ሆነ እግሩን ጠልፎ ሳይሆን በትከሻው ገጭቶና በክንዱ ጠምጥሞ ከመሬት ይጥለዋል። ኳሷን ይዞ የባላጋራውን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ሰው ታችዳውን አገባ ይባላል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል በእግሩ መትቶ ያሳለፈም ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ላይ ፈጣን ሯጭ፣ ብርቱ ታጋይና ጎበዝ መቺ ያስፈልጋሉ። ቶርፕ ሦስቱንም በአንድ ሰውነት አስተባብሮ የያዘ ሰው ነበር።

ቶርፕ የተወለደው በ1887፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም በ1888፣ ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው አገር ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ ከክፍላተ ሀገሩ እንደ አንዱ አይቈጠርም ነበር፤ ከየቦታው የተገፉት የአሜሪካ ጥንታዊ ባለአገሮች፣ በተለምዶ ሕንዶች የሚባሉት፣ እንዲሰፍሩበት የተመደበ ግዛት ነበር። ወላጆቹ የልዩ ልዩ ነገዶችና የነጮች ደም የተቀላቀለባቸው ሲሆኑ እሱ ያደገው በሳክና ፎክስ ነገድ ውስጥ ነው። በነገዱ ቋንቋ የወጣለት ስም ዋ ቶ ሁክ ሲሆን ትርጓሜውም ብሩህ መንገድ ማለት ነው። መንታ ወንድም ነበረው፤ ነገር ግን ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወንድሙ ታሞ ሞተ። ከዚያ በኋላ ጂም ትምህርት ቤት አልጸና አለው። ደጋግሞ እየጠፋ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ወደ ካንሳስ ተልኮ ሐስኬል በተባለው የሕንዶች ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ እናቱም ሞተችበት። በ1904 በስተ ምሥራቅ እጅግ ርቆ በሚገኘው በፔንሲልቫኒያ ወደ ካርላይል ተላከ። እዚያ ከደረሰ ብዙ ሳይቈይ አባቱን ደግሞ ቀበረ ይባል ዘንድ እንኳ አልታደለም፤ መርዶውን በሩቅ ሆኖ ሰማው እንጂ።

የካርላይል ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ቦታ እንደ ነበረ ማወቅ የቶርፕን ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። በ1879 ፕራት የተባለ የጦር መኰንን በአሮጌ የወታደር ሰፈር ውስጥ የመሠረተው ሲሆን ዓላማው የሕንዶችን ልጆች ከቋንቋቸው፣ ከልብሳቸውና ከሃይማኖታቸው ነጥሎ እንደ ነጭ አድርጎ ማሳደግ ነበር። ልጆቹ እንደ ደረሱ ጠጉራቸው ይቈረጣል፤ የወታደር ልብስ የመሰለ የደንብ ልብስ ይሰጣቸዋል፤ በእናታቸው ቋንቋ እንዳይነጋገሩም ይከለከላሉ። የቀኑ እኩሌታ ለትምህርት፣ እኩሌታው ለእጅ ሥራ ነበር። ቶርፕም ልብስ ስፌት ተማረ። ከዚህም ሌላ ተማሪዎቹን በየገበሬው ቤት እያሰማሩ በትንሽ ደመወዝ ማሠራት የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበር። ከአንድ መቶ የሚበልጡ ልጆች በዚያው በትምህርት ቤቱ መቃብር ቀርተዋል።

ይህ ትምህርት ቤት በአሜሪካ ሁሉ የታወቀው ግን በፉትቦል ቡድኑ ነበር። ግሌን ዋርነር፣ በቅጽል ስሙ ፖፕ ዋርነር የተባለው አሠልጣኝ ብልኅ ሰው ነበር። በሰውነት ከባላጋራዎቻቸው ያነሱትን ልጆች በፍጥነትና በዘዴ እያሠለጠነ ታላላቆቹን ኮሌጆች ያስጨንቅ ነበር። ከየጨዋታው የሚገኘው የመግቢያ ዋጋም ለትምህርት ቤቱ ጥሩ ገቢ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝ። ልጆቹ እየተጫወቱ ገንዘብ ይገባ ነበር፤ የገባውን የሚያዝዙበት ግን ትልልቆቹ ነበሩ።

ቶርፕ ወደ ሜዳ የገባው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። በ1907 አንድ ቀን የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ በልምምዱ ሜዳ በኩል ሲያልፍ የከፍታ ዝላይ የሚለማመዱ ተማሪዎች አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ገደማ የተሰቀለውን አግዳሚ መዝለል አቅቷቸው አየ። እሱም ልሞክር አለና በዚያው በሥራ ልብሱ አንድ ጊዜ ተንደርድሮ አለፈው። ወሬው ለዋርነር በደረሰ ጊዜ አስጠርቶ በቡድኑ ውስጥ አስገባው። ፉትቦል ልጫወት ሲል ግን ዋርነር ይህን የመሰለ ሯጭ እግሩ እንዳይሰበርበት ሠግቶ አመነታ። በመጨረሻም ቢገጩት ይተወዋል ብሎ ኳስ አስይዞ በተከላካዮቹ መካከል እንዲሮጥ አዘዘው። ቶርፕ ከዳር እስከ ዳር ማንም ሳይጥለው አለፈ። ድገም ቢባልም ደግሞ አለፈ። ከዚያ ወዲያ ስለ እግሩ መሰበር የተናገረ አልነበረም።

በ1909 በጋ ቶርፕ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወደ ኖርዝ ካሮላይና ወርዶ ሮኪ ማውንት በምትባል ትንሽ ከተማ ቤዝቦል ተጫወተ። በሚቀጥለውም ዓመት እንደዚሁ አደረገ። የተከፈለው ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር። ለአንድ ጨዋታ ሁለት ዶላር ያህል፣ ቢበዛም በሳምንት ሠላሳ አምስት ዶላር እንደ ነበር ይነገራል። በዚያ ዘመን ብዙ የኮሌጅ ተማሪዎች በበጋ ዕረፍታቸው ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ልዩነቱ እነዚያ በአማተርነት ደንብ እንዳይጠየቁ የሐሰት ስም አስመዝግበው ይጫወቱ ነበር። በመስከረም ወደ ኮሌጃቸው ሲመለሱ በበጋ የተጫወተው ሌላ ሰው ነው። ቶርፕ ግን በገዛ ስሙ ተመዘገበ፤ ስሙም በየአካባቢው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የሚደበቅ ነገር መኖሩን ያወቀ አይመስልም።

በ1911 ዋርነር ተመለስ ሲለው ወደ ካርላይል ተመለሰ። የዚያ ዓመት ትልቁ ጨዋታ በኅዳር ወር ከሐርቫርድ ጋር የተደረገው ነው። ሐርቫርድ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ባለ ጠጋውና ስመ ጥሩው፣ በፉትቦልም ከኃያላኑ አንዱ ነበር። አሠልጣኙ ካርላይልን በመናቅ ጨዋታውን በተጠባባቂዎች ጀመረ። ቶርፕ የቈሰለ እግሩን በፋሻ ጠምጥሞ ገባ። አራት ጊዜ በእግሩ እየመታ ኳሷን በምሰሶዎቹ መካከል አሳለፈ፤ አንድ ታችዳውንም አገባ። የሐርቫርድ ዋነኞቹ ተጫዋቾች ዘግይተው ቢገቡም ካርላይል 18 ለ15 አሸነፈ። ልብስ ስፌት የሚማረው ልጅ የዚያን ቀን ስሙ በመላው አገር ተሰማ።

በ1912 በጋ ኦሊምፒክ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ተደረገ። ቶርፕ አምስት ዓይነት ውድድሮችን በሚያጠቃልለው በፔንታትሎን ከአምስቱ አራቱን ቀድሞ አሸነፈ። አሥር ዓይነት ውድድሮች ባሉበት በዲካትሎን ደግሞ በጊዜው አቈጣጠር 8,412 ነጥብ አገኘ። ሁለተኛ የወጣውን ስዊድናዊ ሁጎ ዊስላንደርን ወደ 700 በሚጠጋ ነጥብ በለጠው። ሁለቱንም ወርቆች ይዞ ሲመለስ በኒውዮርክ ጐዳና በክብር ሰልፍ ተቀበሉት። ሆኖም ይህ ሁሉ ክብር ሲደረግለት ብዙዎቹ የአገሩ ጥንታዊ ባለአገሮች ገና የአሜሪካ ዜግነት አልነበራቸውም። የሁሉም ዜግነት በሕግ የታወቀው በ1924 ነው።

በዚያው ዓመት በመከር ካርላይል በዌስት ፖይንት ከጦር አካዳሚው ቡድን ጋር ተጋጠመ። የአሜሪካ ወታደሮች በሳውዝ ዳኮታ፣ ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ የላኮታ ሰዎችን ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ከፈጁ ገና ሃያ ሁለት ዓመት መሆኑ ነበር። ይህን የካርላይል ልጆች አልረሱትም። በጨዋታው 27 ለ6 አሸነፉ። ከተሸናፊዎቹ መካከል ቶርፕን ለመጣል ሲታገሉ ከዋሉት አንዱ በኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ነበር።

በጥር 1913 ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በማሳቹሴትስ የሚታተም አንድ ጋዜጣ ቶርፕ በኖርዝ ካሮላይና ገንዘብ እየተከፈለው ቤዝቦል መጫወቱን ገለጸ። በዚያን ጊዜ የአማተርነት ደንብ በማናቸውም ስፖርት ገንዘብ የተቀበለ ሰው በኦሊምፒክ እንዳይሰለፍ ይከለክል ነበር። ቶርፕ ነገሩን አልካደም። ለአማተር ስፖርት ማኅበሩ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ ገንዘብ መቀበሉን፣ ሌሎች ተማሪዎች በሐሰት ስም ይህንኑ ያደርጉ እንደ ነበረና እሱ ግን ደንቡን አለማወቁን ገለጸ። ደብዳቤውን ያዘጋጀው ዋርነር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ያም ሆነ ይህ፣ ዋርነርም ሆነ የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ነገሩን ከቶ አናውቅም አሉ። ጥፋቱ በልጁ ላይ ብቻ ወደቀ። ሽልማቶቹ ከእጁ ተወስደው ሁለተኛ ለወጡት ተላኩ፤ ስሙም ከመዝገቡ ተፋቀ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የአማተርነት ደንብ በወረቀት ላይ ሲነበብ መልካም ነገር ይመስላል። ስፖርት የገበያ ዕቃ እንዳይሆን፣ ሰው ለፍቅሩና ለክብሩ ብቻ እንዲወዳደር ያስተምራልና። ነገር ግን ይህን ደንብ ያወጡት አባታቸው የሚከፍልላቸው፣ በበጋ ወራት ጀልባ የሚቀዝፉና ፈረስ የሚጋልቡ ሰዎች ናቸው። ወላጆቹን የቀበረ፣ በየገበሬው ቤት ሲያርስ የከረመ ልጅ ኳስ ተጫውቶ በቀን ሁለት ዶላር ቢያገኝ ይህ ለእሱ የእጅ ሥራ ነው። ማረስና መስፋት ያላዋረደው፣ መጫወት ስለ ምን አዋረደው? ከዚህም በላይ ደንቡ ራሱ ተቃውሞ በሠላሳ ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ያዝዝ ነበር። በቶርፕ ላይ የቀረበው ክስ የመጣው ግን ከስድስት ወር በኋላ ነው። ደንብ አፍራሽ ተብሎ የተቀጣው ልጅ የተቀጣው ደንቡ ፈርሶ ነበር ማለት ነው።

ቶርፕ አንድ ጊዜ ፕሮፌሽናል ከተባለ ወዲህ ፕሮፌሽናል ሆኖ ለመኖር ወሰነ። ወዲያው በየካቲት 1913 ለኒውዮርክ ጃያንትስ የቤዝቦል ቡድን ፈረመ። በቤዝቦል ግን እንደ ሌላው ጨዋታ አልተሳካለትም፤ ብዙውን ጊዜ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ዋነኛው ዕድሉ የሚጠብቀው ኦሃዮ ውስጥ፣ ፋብሪካና ብረት ማቅለጫ በበዛባቸው ትንንሽ ከተሞች ነበር።

በዚያን ጊዜ በገንዘብ የሚደረግ ፉትቦል የተናቀ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ውርደት ይቈጥሩታል። ተመልካቹ በእሑድ ቀኑ ከሥራ ያረፈ ሠራተኛ ነው። ተጫዋቹ ዛሬ ለአንዱ ከተማ፣ በሚቀጥለው እሑድ የበለጠ ለከፈለው ለሌላው ይሰለፋል። የኮሌጅ ተማሪዎችና አሠልጣኞችም በሐሰት ስም እየመጡ ይጫወታሉ። በ1915 የካንተን ቡልዶግስ ሥራ አስኪያጅ ጃክ ኩሳክ ለቶርፕ በአንድ ጨዋታ 250 ዶላር ልክፈልህ አለው። ወዳጆቹ ይህ ሰው ሊከስር ነው ብለው አዘኑለት። ከዚያ በፊት ለካንተን ጨዋታ የሚመጣው ሕዝብ በአማካይ 1,200 ያህል ብቻ ነበርና። ጐረቤታቸውና ባላንጣቸው ከነበረው ከማሲሎን ጋር በተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች ግን በመጀመሪያው 6,000፣ በሁለተኛው 8,000 ሰው መጣ። ኩሳክ አልከሰረም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ማሲሎን 16 ለ0 አሸነፈ። ሁለተኛው የተደረገው በካንተን ነው። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተርፎ በሜዳው ጫፍ፣ ከመጨረሻው መስመር ጀርባ ቆሞ ነበር። ቶርፕ ሁለት ጊዜ በእግሩ መትቶ ካንተንን 6 ለ0 አስመራ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ብሪግስ የተባለው የማሲሎን ተጫዋች ኳሷን ተቀብሎ መስመሩን አለፈና በሕዝቡ መካከል ተሠወረ። ወዲያው ኳሷ ከሕዝቡ መካከል ወጣች፤ የያዛት ግን የካንተን ሰው ነበር። ብሪግስ የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ኳሷን ከእጄ በእርግጫ መታብኝ፣ የናስ ቁልፎቹን በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ጮኸ። ካንተን ግን የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ አልነበራትም። ሕዝቡ ሜዳውን ወረረው። ዳኞቹ ፍርዳቸውን በወረቀት ጽፈው በማሸግ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ እንዲነበብ አደረጉ። ፍርዱም ለካንተን ሆነ። የናስ ቁልፉ ምስጢር ግን የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። አንድ የከተማ ትራም ቲኬት ቈራጭ በካንተን ላይ ገንዘብ አስይዞ ስለ ነበር ኳሷን የመታት እሱ መሆኑን ለኩሳክ ተናዘዘ። የቲኬት ቈራጮች ልብስም የናስ ቁልፍ ነበረው።

እንግዲህ የዛሬው ሀብታም ጨዋታ የተነሣው ከዚህ ዓይነት ሜዳ ነው። ካንተን በ1916 ዓመቱን ሙሉ ሳይሸነፍ አለፈ። ቶርፕ ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ ቡድኑን መራ። ሌሎቹ ስማቸውን ደብቀው በሚጫወቱበት ዘመን ሕዝቡ ትኬት የሚገዛው የእሱን ስም በማስታወቂያ ላይ አይቶ ነበር። በ1913 የጣለው ያው ስም በ1915 እንጀራው ሆነ።

በመስከረም 1920 ደግሞ የየቡድኑ ባለቤቶች በካንተን በራልፍ ሄይ የመኪና መሸጫ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ወንበር ስላልበቃ አንዳንዶቹ ለሽያጭ በቆሙት መኪናዎች መረገጫ ላይ ተቀምጠው እንደ ተወያዩ ይነገራል። የተስማሙባቸውም ነገሮች አንዱ የሌላውን ተጫዋች በገንዘብ እንዳያስኮበልልና ትምህርቱን ያልጨረሰ የኮሌጅ ተማሪ እንዳያሰልፍ የሚሉ ነበሩ። በሐሰት ስም የመጫወት ዘመን ማብቃት ጀመረ ማለት ነው። ለአዲሱ ማኅበርም ፕሬዚዳንት አድርገው ቶርፕን መረጡ። የጽሕፈት ቤት ሰው ስላልነበረ በሚቀጥለው ዓመት ጆ ካር ተተካ። ነገር ግን ማኅበሩ በሕዝብ ዘንድ እንዲታመን የሚታወቅ ስም ያስፈልገው ነበር፤ ያም ስም የእሱ ነበር። ማኅበሩ በ1922 ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ተባለ፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል።

የቀረውን የቶርፕን ሕይወት በአጭሩ እንለፈው። እስከ 1928 ድረስ ለልዩ ልዩ ቡድኖች ተጫወተ። ጉልበቱ ሲደክም ሌላ ሀብት አልነበረውም። በሆሊውድ ትንንሽ ሚና እየያዘ በፊልም ታየ፤ በችግሩም ዘመን በሎስ አንጀለስ ጉድጓድ ሲቈፍር ተገኘ። በ1950 የጋዜጠኞች ድምፅ የግማሽ ምእቱ ዓመት አንደኛ ስፖርተኛ አለው። በመጋቢት 1953 በካሊፎርኒያ ሞተ።

ሽልማቶቹ እንዲመለሱለት ልጆቹና ወዳጆቹ ለብዙ ዓመታት ደከሙ። በ1912 አብሮት ተወዳድሮ የተሸነፈው ኤቨሪ ብራንዴጅ ከ1952 እስከ 1972 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ነበርና በእሱ ዘመን በሩ ተዘግቶ ቈየ። በ1982 ኮሚቴው ሽልማቱ እንዲመለስ ፈቀደ፤ ሆኖም ሁለተኛ ከወጡት ጋር እኩል አሸናፊ ተብሎ ነበር። በ1912ቱ ውድድር ብቸኛ አሸናፊ መሆኑ የታወቀለት በ2022 ነው። ዊስላንደር የተላከለትን ወርቅ የእኔ ነው ብሎ ፈጽሞ እንዳልተቀበለው ቤተ ሰቡ መስክሮለት ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው የቶርፕም ስም ዋለ። ሆኖም እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ መያዝ ያለብን የፍርዱን መዘግየት ብቻ አይደለም። አንድ ሺህ የተማረ ሰው ደንቡን አክብሬአለሁ ብሎ በሐሰት ስም ሲጫወት ያለ ነውር አለፈ፤ ያልደበቀው አንዱ ተቀጣ። ደንብ ሲወጣ ደንቡ መልካም ነውን ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ለመጠበቅ አቅም ያለው ማን ነው፣ የማይችለውስ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ የምናወጣው እኛው ነንና።